አራተኛው ክፍል

ቧንቧ ውሃ ቁልቁል፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
እኔና ዘይኑ ነን፣ ገባን ዝናብ ሸሽተን፣
ጋሼ ሙሄ ቤት፤
ድሮ ፊልም ያየንበት፣ ዛሬ ጌም የምንጫወትበት።
አግዳሚው ያው ነው፤ ሚስማሩም ገና እንዳልወጣ፣
የተቁነጠነጠን ልጅ ሱሪ ቀድዶ ሊቀጣ።

ያኔ ሃምሳ ሳንቲም፣ ቆሎ በወረቀት፤
መብራት እንዳይሄድብን ሁላችን በየእምነት
ስንለምን ቆይተን፣
ባሻ ድንብሬ ብቅ ሲል አንዳችን ባንዳችን ላይ ወድቀን።

ክፍል አንድ። የበዓሉ በግ ገመድ በጥሶ አመለጠ፤
ባሻ ሊይዘው ሲል የቀበሌው ሊቀመንበር ጭን ላይ ተቀመጠ።
ክፍል ሁለት። ባሻ ጉድጓድ ገባ፤ በጉ ካፋፉ ላይ ቆሞ
ቁልቁል ያየዋል፣ እንደ ሐኪም፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ ተገርሞ።
ክፍል ሦስት። የሰርግ ዳስ፣ የወጥ ድስት፣ የተነቀለ ካስማ፣
ከሸራው ሥር «በጌን! በጌን!» የሚል ድምፅ ብቻ ሲሰማ።
በአንዱም አልያዘውም።
እንዲይዘው የለመነ ልጅም ከመሃላችን አልነበረም።

አሁን ጌም ሆነ ባሻ። የኮምቦልቻ ልጆች ናቸው፣
ከጨርቃ ጨርቅ ሲወጡ፣ ማታ ማታ፣ እንቅልፋቸውን ሸጠው
የሠሩት። ሀረጎን ከነጥምዝምዙ አስገብተውበታል፤
ሲኖትራኩ ጥሩንባ እየነፋ ከጭጋጉ ይወጣል።
ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነው። የፊተኛው ካረፈ ቆየ፤
ያሁኑ ደህና ይጮሃል፤
ግን ወድቆ ያውቅ እንደሁ፣ እንጃ፣ አንተየ።

ሦስት ነፍስ ሰጠን ጌሙ።
ባሻ በአንዲቷ ነፍሱ አርባ ጊዜ ወድቆ፣ አርባ ጊዜ ነበር መቆሙ።

ዘይኑ ሦስቱንም ባንድ የሙዝ ልጣጭ ጨረሰ።
የእኔ ጣት ግን በሳምንቱ ከጆይስቲኩ ጋር ታረቀ፤
ባሻዬ ጉድጓዱን ዘለለ፣ ከሲኖትራኩ ፊት ራቀ፣
ዳሱን በሩጫ አለፈ፤ አንዲት ድስት አልነካም።
አላበኝ እኔን እንጂ፣ እሱስ እንኳ አልደከመም።
ነጥቤ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣
ዘይኑ አዛጋ።
ከኋላ አንዱ ልጅ ስልኩን አወጣ።

ጋሼ ሙሄ ከበሩ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤
ብሩን በጣት ዳስሰው፣ ሰዓቱን በጆሮ ይቆጥሩታል።
«ምነው ዝም አላችሁ? በጉ የት ደረሰ?»
«ቦርከና ድልድይ ላይ። ልይዘው ነው፣ ጋሼ፤ አለቀ፣ ተጨረሰ።»
«ልትይዘው?»
ወንበራቸው ጮኸ።
«ከያዝኸውማ፣ ልጄ፣ አራተኛው ክፍል ምን ሊሆን ነው?»

ከመሳቢያው ደብተር አወጡ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፦
አራተኛው ይመጣል ሲባል ቀድሞ የከፈለ ሰው፣
ሃያ ሦስት ስም። ጅቡቲ የቀረ አለ። አፈር የገባ አለ።
«ገንዘቡን በላሁት፤ ፊልሙም በዚያው ቀረ።
አባትህም ከፍሎ ነበረ፣
የራሱን።
ያንተንም።»

በጉ ድልድዩ ላይ ቆሟል፣ አንድ እርምጃ ቀርቶኝ፤
ወዲህ ዞሮ ያየኛል፣ ጉድጓድ የገባሁ መስሎት።
አውራ ጣቴን አነሳሁ።

ባሻ አየር ቀዘፈ፣ አንድ እግሩ አጥሩን ስቶ፣
ቦርከና ገባ ከነባርኔጣው፣ «በጌን!» ብሎ ተጣርቶ።
ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ዘይኑ ከአግዳሚው ተንሸራተተ፤ ሚስማሩም አገኘው።
ጋሼ ሙሄ ከሁሉ ዘግይተው ሳቁ፣ የውሃውን ድምፅ ሰምተው፣
እንባቸውን በእጅጌ እስኪጠርጉ።

ከዚያ ደብተሩን ለዘይኑ ሰጡት፣ ገጹን በጣት ፈልገው።
«እስቲ» አሉት፣ «ዓይን ያለህ፣
ከዚህ ላይ
የሁለት ሰው ሰርዝልኝ።»